ስሙ ያልገባ ሰው ዕጣ አይወጣለትም

ርእሰ አንቀጽ

የመመረቂያ ጽሑፍ ወራት ደርሷል። በየመኝታ ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ የመጠይቅ ወረቀት ተከምሯል። በየማባዣ ቤቱ ደጃፍ ሰልፍ ይታያል። ወደ ነገሌ ቦረና የሚወርደው አውቶቡስም ከወትሮው ይልቅ እርሳስና ደብተር የያዙ ወጣቶችን ይጭናል። የተማረ ወጣት የአገሩን ሕዝብ ኑሮ ለማወቅ ሲደክም ማየት የሚያስደስት ነው እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁንና ከዚህ ሁሉ ድካም መካከል አንድ ነገር ተዘንግቶ ይገኛል። ይኸውም «ጠየቅናቸው፣ መለሱልን የምንላቸውን ሰዎች የመረጥናቸው እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ተዘንግቶ ነው ማለታችንም ለጨዋነት ያህል ነው፤ አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም እንዲሉ፣ ብዙዎቻችን ነገሩን እያወቅን ዝም ያልን ነን።

በየዓመቱ ከሚቀርቡት የመመረቂያ ጽሑፎች መካከል ማንኛውንም አንሥቶ ሦስተኛውን ምዕራፍ የገለጠ ሰው አንድ የተለመደ ዓረፍተ ነገር አያጣም። «ተሳታፊዎቹ በዘፈቀደ የናሙና አመራረጥ ዘዴ ተመርጠዋል» ይላል። ጽሑፉን ያዘጋጀውን ተማሪ ለብቻው ጠርቶ ላወያየው ሰው ግን እውነቱ ሌላ ነው። ወረቀቱ የተሞላው በመነኸሪያው አጠገብ ባለው ጥላ ሥር ነው፤ ወይም የቀበሌው ሊቀ መንበር ጠርቶ በሰበሰባቸው ሰዎች ነው፤ ወይም ፊደል የቆጠረና ጊዜ ያለው መንገደኛ እየተለመነ ነው። ከዚህም ብሶ በመኝታ ክፍል ውስጥ ጓደኛ ለጓደኛ የሚሞላበት ጊዜ መኖሩን የማያውቅ በመካከላችን የለም።

ይህን የምንጽፈው እኛ ከደሙ ንጹሕ ነን ለማለት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ራሱ የነገሌ ልጅ ሲሆን ባለፈው ዓመት ለአንድ የትምህርት ዓይነት ጥናት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ስለ ከብት በሽታና ስለ ክትባት ለመጠየቅ ወደ ሊበን ወርዶ ነበር። በእጃችን የነበረው ገንዘብ ለአራት ቀን ብቻ የሚበቃ ስለ ነበረ፣ በከተማው የከብት ገበያ አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ተቀምጠን ወረቀታችንን ሞላን። በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ሲመለከቱን ከቆዩ በኋላ፣ ከብት ይዘው ወደ ፎራ የወጡትን ልጆቻቸውን ማን እንደሚጠይቅልን በኦሮምኛ ጠየቁን። የምንመልሰው አልነበረንም። ወደ ግቢ ተመልሰን ስንጽፍ ግን እኛም እንደ ሌላው «በዘፈቀደ ተመረጡ» ብለን ጻፍን፤ ጥሩ ማርክም አገኘንበት። ያ ማርክ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

ለዚህ ሁሉ ስሕተት ምናልባት አንዱ ምክንያት ራሱ ቃሉ ይሆን? «በዘፈቀደ» የሚለው ቃል ከግእዝ የመጣ ነው፤ ፈቀደ ማለት ወደደ፣ ፈለገ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ሰው አንድን ነገር በዘፈቀደ አደረገ ሲባል ደስ እንዳለው፣ እንደ ፈቃዱ አደረገ ማለት ነው። የስታቲስቲክስ ሊቃውንት የሚሉት ግን የዚህ ፍጹም ተቃራኒ ነው። እነርሱ የሚሹት የመራጩ ፈቃድ ከምርጫው እንዲወጣ ነው። ጠያቂው ፊቱ ደስ ያለውን፣ ቤቱ የቀረበውን፣ ቋንቋው የገባውን እንዳይመርጥ እጁን የሚያስር ሥርዓት ይፈልጋሉ። ለዚህ ነገር አባቶቻችን የተዉልን የታወቀ ቃል አለ፤ እርሱም ዕጣ ነው። «በዘፈቀደ» ከማለት ይልቅ «በዕጣ» ብንል ኖሮ፣ ከሻይ ቤት ተቀምጦ ወረቀት የሞላ ተማሪ «በዕጣ መረጥሁ» ብሎ ለመጻፍ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር ብለን እናምናለን።

ዕጣ ምን እንደ ሆነ ደግሞ ለእቁብ ሰው ማስተማር አያስፈልግም። የእቁቡ ጸሐፊ የእቁብተኛውን ሁሉ ስም በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል፤ ወረቀቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ይጠቀለላል፤ ሕፃን ልጅ ወይም ከሸንጎው አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ያወጣል። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሕግ ይገኛል። አንደኛው፣ የሁሉም ስም መግባት አለበት፤ ስሙ ያልገባ ሰው ዕጣ አይወጣለትምና። ሁለተኛው፣ የሚያወጣው እጅ የማንን ስም እንደሚያወጣ ማወቅ የለበትም። የናሙና ሳይንስ ምንም ቢራቀቅ ከእነዚህ ከሁለቱ ሕጎች አይወጣም። ስልታዊ ቢባል፣ በየክፍሉ ለይቶ መምረጥ ቢባል፣ በመንደር በመንደር ማውጣት ቢባል፣ ሁሉም የእነዚህ ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ ሰው የመመረጥ ዕድል አለው፤ ዕድሉም ስንት እንደ ሆነ አስቀድሞ ይታወቃል።

ብዙ ጊዜ የምንከራከረው ስለ ሁለተኛው ሕግ ነው። የሚበላሸው ግን የፊተኛው ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ለምን እንደ ተሰረዘ የምናስታውስ እናስታውሳለን። የተበላሸው ገና ከዝርዝሩ ነበረ፤ መግባት የማይገባቸው ሰዎች ስም ገብቶ ተገኘ። የከተማው ሕዝብ በዚያን ጊዜ ዕጣ የሚያምረው ዝርዝሩ ሲያምር መሆኑን ያለ ስታቲስቲክስ መምህር ተረዳ። በሊበን የሚደርሰው ደግሞ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። መግባት የሚገባው ስም ይቀራል፤ ነገር ግን ማንም ጮኾ ዕጣውን የሚያሰርዝ የለም። የቀረው ሰው መቅረቱን አያውቅምና።

እስቲ ሊበንን እንመልከት። ነገሌ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከነገሌ በታች ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ አዶ የሚወስደው መንገድ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ያለውን ሰፊ ቆላ አቋርጦ ያልፋል። ጠያቂ ሁሉ የሚሄደው በዚያ መንገድ ነው፤ መኪናው በሚቆምበት ይቆማል፤ ሻይ በሚገኝበት ይቀመጣል። ሮበርት ቻምበርስ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ስለ ገጠር ልማት በሚናገር መጽሐፉ ይህን ነገር አንድ በአንድ ዘርዝሮታል። ከከተማ የሚወጣ ተመራማሪ አስፋልት ተከትሎ ይሄዳል፤ ጭቃ በሌለበት በበጋ ይሄዳል፤ ፕሮጀክት ያለበትን መንደር ያያል፤ የሚያነጋግረውም ወንዶችንና ሹማምንትን ነው። ከመንገድ የራቀ፣ ሴት፣ ድሃ፣ በሽተኛ፣ በክረምት የሚራብ ሰው ከዓይኑ ይሰወራል። ቻምበርስ ይህን ሲጽፍ ነገሌን አይቶ ይሆን ያሰኛል።

በቦረናና በጉጂ አርብቶ አደር ዘንድ ግን ከመንገዱም የባሰ ነገር አለ። ሰው ራሱ በአንድ ስፍራ አይቀመጥም። የቦረና ቤተሰብ ከብቱን በሁለት ይከፍላል። የምትታለበው ላም ከነጥጃዋ በመንደሩ፣ ማለት በኦላው አጠገብ ትውላለች፤ ይህችኛው የወራ ከብት ትባላለች። ደረቁ ከብት ግን ከወጣቶቹ ጋር ሣርና ውሃ ወዳለበት ርቆ ይሄዳል፤ እርሱም ፎራ ነው። እንግዲህ በቦና ወቅት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ አንድ ተማሪ ወደ አንድ ኦላ ሄዶ በየቤቱ ቢቆጥር ሽማግሌዎችን፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ያገኛል፤ ጎልማሳውን ግን አያገኝም። በገና ዝናብ ጊዜ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ቢሄድ ደግሞ ሌላ ቁጥር ያገኛል። ሁለቱም ተማሪዎች «የሊበን አርብቶ አደር እንዲህ ነው» ብለው ይጽፋሉ። ማንኛቸው ነው እውነቱን የጻፈ? ሁለቱም ግማሹን ጻፉ፤ ግማሽ መሆኑን ግን አልጻፉም።

ከነገሌ ከተማ ወጣ ብሎ የሊበን ሜዳ አለ። በዚያ ሜዳ ሣር ውስጥ የሊበን ላርክ በሚል ስም በዓለም የታወቀች አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ትኖራለች። ወፏ ልትጠፋ ነው የሚል ሥጋት በተነሣ ጊዜ የአእዋፍ ተመራማሪዎች መጥተው ቆጠሩአት። የቆጠሩአትም መኪናው በቆመበት ቆመው አልነበረም፤ በሜዳው ላይ መስመር ወስነው፣ መስመሩን በእግራቸው ተከትለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የሄዱበትን መስመር በ2009 ደግመው ሄዱበት፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የታዩት ወፎች በ40 ከመቶ ያህል ቀንሰው አገኙ። የቀሩትም ከ90 እስከ 256 ቢሆኑ ነው ብለው ገመቱ። ከ90 እስከ 256 ማለታቸውን ልብ እንበል፤ የማያውቁትን ያህል ሰፊ አድርገው ጻፉት። ለወፏ የተደረገላት ጥንቃቄ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በዚያው ሜዳ ላይ ከብቱን የሚጠብቀው ሰው ከወፏ ያነሰ ጥንቃቄ ይገባዋልን? እርሱን ስንቆጥር መስመር የምንወስነው በአስፋልቱ ብቻ መሆኑ አያሳፍርምን?

ጉዳዩ የተማሪዎች ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። የአገሪቱ ትላልቅ ጥናቶችም በዚሁ ችግር ሲፈተኑ ኖረዋል። በ1997 እና በ2003 ዓ.ም. የተደረጉት የቤተሰብ ገቢ፣ ፍጆታና ወጪ ጥናቶች ከአፋር ሦስት ዞኖችን፣ ከሶማሌ ክልልም ስድስት ዞኖችን ከናሙናው ውጭ አድርገዋል፤ ምክንያቱም በእነዚህ ስፍራዎች ያለው ሕዝብ ተንቀሳቃሽ ስለ ሆነ ነው። ከ2003ቱ ጥናት ተነሥቶ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 29.6 ከመቶው ከድህነት ወለል በታች ነው ተባለ። ቁጥሩ በየንግግሩና በየመጽሐፉ ተጠቀሰ፤ እኛም በፈተና ላይ ጻፍነው። በጥናቱ ባለቤቶች ላይ አንፈርድም፤ የተዉትን ስፍራ ትተናል ብለው በሪፖርታቸው ጽፈዋልና። የሚያስወቅሰው ያን ማሳሰቢያ ትቶ ቁጥሩን ብቻ የሚያነሣ አንባቢ ነው። የቀረው አርብቶ አደር ድሃ ይሁን ሀብታም በዚያ 29.6 ውስጥ የለም፤ ዕጣው ውስጥ አልነበረምና።

ዝርዝሩ ራሱም ያረጃል። አብዛኛው ትልቅ ጥናት መንደሮቹን የሚያወጣው ከሕዝብ ቆጠራ ዝርዝር ነው። የ2008 ዓ.ም. የሕዝብና ጤና ጥናት ለምሳሌ በ1999ኙ ቆጠራ ዝርዝር ላይ ተመሥርቶ 645 የቆጠራ ቦታዎችን በዕጣ አወጣ፤ በእያንዳንዱ ቦታ ቤቶቹን እንደ ገና መዝግቦ 28 ቤተሰብ መረጠ። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ከ1999 ዓ.ም. በኋላ ይደረጋል የተባለው አራተኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. እንደ ገና ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ ስንት ኦላ ተነሣ፣ ስንት ኩሬ ደረቀ፣ ስንት ከተማ ተቆረቆረ? በአሮጌ ዝርዝር ዕጣ ማውጣት የሞተ እቁብተኛ ስም ይዞ እንደ መቀመጥ ነው።

አንዳንድ ሰው «ጥቂት ሰዎች ቢቀሩ ምን ይጎዳል? አማካዩን አያናውጥም» ይላል። ለዚህ መልስ የሚሆን ከታሪክ አንድ ነገር እናንሣ። ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ለማጥፋት የተጀመረው ዘመቻ የመጨረሻውን በሽተኛ ያገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። የተገኘውም በከተማ ወይም በመንገድ ዳር አልነበረም፤ በኦጋዴን በረሓ፣ ዲሞ በምትባል የአርብቶ አደሮች መንደር ነበር እንጂ። ዘማቾቹ መኪና በሚደርስበት ብቻ ፈልገው «በሽታው ጠፍቷል» ቢሉ ኖሮ፣ በቁጥር ረገድ ስሕተታቸው ከመቶ አንድ እንኳ ባልሞላ ነበር፤ በሽታው ግን ተመልሶ በመጣ ነበር። በግመልና በእግር ወደ መጨረሻው ሰው ስለ ደረሱ ነው ያሸነፉት። ከአማካይ የሚርቀው ሰው ብዙ ጊዜ ጉዳዩን የሚወስነው ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችን የምንመካበትን ነገር እንመርምር። «ናሙናዬ 422 ሰው ነው» የሚል ጓደኛ ያላጋጠመው ማን ነው? በተለይ በጤና ትምህርት ክፍሎች ይህች ቁጥር እንደ ጸሎት ትደገማለች። ምንጯም የታወቀ ነው። የስሕተቱን መጠን 5 ከመቶ፣ ክፍልፋዩን 50 ከመቶ አድርጎ ቀመሩን ለሚሠራ ሰው 384 ይወጣል፤ መልስ ለማይሰጡት 10 ከመቶ ሲጨመር 422 ይሆናል። ሌሎቻችን ደግሞ የታሮ ያማኔን ቀመር እንወስዳለን፤ ሕዝቡ 2,000 ቢሆን 333፣ ሕዝቡ 100,000 ቢሆን 398 ይሰጠናል። ቀመሮቹ ስሕተት የለባቸውም። ነገር ግን ሁለቱም የሚነሡት «ሰዎቹ በዕጣ ተመርጠዋል» ከሚል ሐሳብ ነው። ዕጣ ከሌለ ቀመሩ ባዶ ነው። 422 ሰው ከሻይ ቤት መሰብሰብ የሻይ ቤቱን ሰው በደንብ ማወቅ ነው፤ ሊበንን ማወቅ ግን አይደለም።

ቁጥር መብዛቱ እንደማያድን ዓለም የተማረው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች ወረቀት ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ አገኘ፤ ከዚያም ላንደን ሩዝቬልትን አሸንፎ ፕሬዚዳንት ይሆናል ብሎ ተነበየ። ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። መጽሔቱ ስሞቹን ያገኘው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ጭምር ስለ ነበረ፣ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያልነበረው ድሃ ከዕጣው ውጭ ቀርቷል፤ ወረቀት ከደረሳቸውም መካከል የመለሱት ካልመለሱት የተለዩ ነበሩ። እጅግ ያነሰ ናሙና የወሰደው ጆርጅ ጋሉፕ ግን አሸናፊውን አወቀ። ሁለት ሚሊዮን ሰው ያላዳነውን ጥናት 422 ሰው ያድነዋል ማለት ዘበት ነው።

ሌላም አለ። ብዙዎቻችን አራት ቀበሌ መርጠን በእያንዳንዱ መቶ መቶ ሰው እንጠይቃለን። የአንድ ቀበሌ ሰዎች ግን አንድ ኩሬ ይጠጣሉ፣ በአንድ ገበያ ይሸጣሉ፣ አንድ ክትባት ሰጪ ይመጣላቸዋል፤ ስለዚህ መልሳቸው ይመሳሰላል። የመመሳሰላቸው መጠን ትንሽ፣ 0.05 ብቻ እንኳ ቢሆን፣ በአንድ ቀበሌ መቶ ሰው በመጠየቃችን ስሕተታችን ወደ ስድስት እጥፍ ገደማ በሚጠጋ ናሙና ብቻ የሚስተካከል ይሆናል። ማለት 400ው ሰዎቻችን በዕጣ ከየቦታው የተገኙ የ67 ሰዎች ያህል ብቻ ይመዝናሉ። የ2008ቱ ጥናት 645 ቦታ ሄዶ በየቦታው 28 ቤት ብቻ መጠየቁ ከዚህ የተነሣ ነው። ከአራት ኦላ መቶ መቶ ሰው ከመጠየቅ ከአርባ ኦላ አሥር አሥር ሰው መጠየቅ እጅግ ይበልጣል።

ይህን ስንል ዕጣ ያልወጣበት ጥናት ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። የገዳን ሕግ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሕጉን ከሚያውቁት አባቶች ዘንድ መሄድ አለበት፤ በዕጣ የደረሰውን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስለ ገዳ ሕግ መጠየቅ ሞኝነት ነው። የውሃ ተራ እንዴት እንደሚያዝ ማወቅ የሚሻም የጉድጓዱን ተራ አስከባሪ፣ አባ ሄረጋን፣ ይጠይቅ። እንዲህ ያለው ምርጫ በዓላማ የተደረገ ምርጫ ይባላል፤ ክብሩም የራሱ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው በዓላማ ወይም በምቾት መርጠን «በዕጣ» ብለን ስንጽፍ፣ ከሃያ ሽማግሌ የሰማነውንም «የሊበን ሕዝብ 65 ከመቶው» ብለን ስናቀርብ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? «ገንዘብ የለንም፣ መኪና የለንም፣ ጸጥታው ያሰጋል» የሚለው ምክንያት እውነት ነው፤ አንክደውም። ነገር ግን ዘዴ አልጠፋም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች በአፋር የከብት ባለቤቶችን ለመቁጠር የቤቶችን ዝርዝር ትተው ካርታ ያዙ፤ በካርታው ላይ በዕጣ ነጥቦች አወጡ፤ በእያንዳንዱ ነጥብ ዙሪያ ክብ አሠመሩ፤ በክቡ ውስጥ የተገኘውን ቤተሰብ ሁሉ ጠየቁ። መሬት አይሰደድምና ሰውን በስሙ ከመፈለግ ይልቅ በቆመበት መሬት ፈለጉት። ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ የቆምንበትን ስፍራ ያሳየናል፤ ለዚህ ሥራ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

ከሩቅ ሳንሄድም የቦረና ሰው ራሱ ያዘጋጀልን ዝርዝር አለ። በቦና ወቅት ከብት በየሦስት ቀኑ ውሃ ይጠጣል፤ የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣም በጉድጓዱ ላይ ያሉት አባቶች ያውቃሉ። ተመራማሪ በአንድ ጉድጓድ አንድ ቀን ቢቀመጥ የመንጋውን ሢሶ ብቻ ያያል፤ ሦስት ቀን ቢቀመጥ ግን ፎራ የወጣውም ጭምር በፊቱ ያልፋል። እንግዲህ ጉድጓዶቹን በዕጣ መምረጥ፣ በተመረጠውም ጉድጓድ ሙሉ ተራውን መጠበቅ፣ ከሚመጡት መንጋዎች በየአምስቱ አንዱን መጠየቅ ይቻላል። ከሁለት ጉድጓድ የሚያጠጣ ሰው ሁለት ጊዜ የመመረጥ ዕድል ስላለው ያንንም ጠይቆ መጻፍ ነው። ይህ ከሻይ ቤት መቀመጥ ይልቅ ያደክማል፤ ግን የአራት ተማሪ የሦስት ቀን ሥራ ነው እንጂ የመንግሥት በጀት የሚጠይቅ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ኃይላችንን እናስተባብር። አሥር ተማሪ ለየብቻው አሥር ደካማ ናሙና ከሚሰበስብ፣ አሥሩ ተባብረው አንድ ጠንካራ ናሙና ቢሰበስቡና እያንዳንዱ የየራሱን ጥያቄ ቢጨምር ምን ነበረበት? የአውቶቡሱ ኪራይ ለአሥር ይካፈላል፤ ኦሮምኛ የሚያውቀው ለማያውቀው፣ ሶማሊኛ የሚያውቀውም ለሌላው ያስተረጉማል። ሴት ጠያቂ ወደ ሴቶች ትገባለች። የተማሪዎች ማኅበራችን ይህን ለማስተባበር የስም መዝገብ ቢከፍት ተገቢ ነው ብለን እናሳስባለን።

ክቡራን መምህራኖቻችን ሆይ፤ ለእናንተም አንድ ቃል አለን። ተማሪ በሐሰት «በዘፈቀደ» ብሎ የሚጽፈው ለምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። «በምቾት መረጥሁ» ብሎ የጻፈ ይነቀፋል፣ ማርኩ ይቀነሳል፣ ጽሑፉ ይመለስበታል፤ ያላደረገውን አደረግሁ ያለ ግን ያልፋል። ይህ ከሆነ ሐሰትን ያስተማርነው በጋራ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የምንለምናችሁ ነገር ቀላል ነው። እውነቱን የጻፈውን አትቅጡት። በመከላከያው ቀን «ቀመርህ የትኛው ነው?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «ዝርዝሩን ከየት አገኘኸው? ከዝርዝሩ የቀረው ማን ነው? ዕጣውን ያወጣው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በየዓመቱ ቢጠየቁ ሦስተኛው ምዕራፍ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ለእናንተም ለጓደኞቻችን የምንለው ይህ ነው። ሩቅ መሄድ ካልቻላችሁ አትሂዱ፤ ነገር ግን አልሄድንም ብላችሁ ጻፉ። «ይህ ጥናት በነገሌ የከብት ገበያ በአራት ቀን የተገኙትን 120 ሰዎች ይመለከታል፤ በፎራ ያሉትን አይመለከትም» የሚል ዓረፍተ ነገር አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ያንን አንብቦ «እንግዲያው እኔ ፎራ ልሂድ» ይላል። በሐሰት የተሞላ ምዕራፍ ግን በሩን ይዘጋበታል፤ «የሊበን ጉዳይ ተጠንቷል» ይባላልና።

ይህ የወረቀት ጨዋታ እንዳይመስለን። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሊበን ቆላ ዝናብ ለተከታታይ አምስት ወቅት ጠፍቶ ከብቱ እንደ ቅጠል ሲረግፍ ሁላችንም አይተናል። በእንዲህ ያለ ጊዜ እህል ለማን ይድረስ፣ የውሃ ቦቴ ወዴት ይሂድ፣ መኖ ለየትኛው ቀበሌ ይታደል የሚለውን የሚወስነው የቢሮ ሰው ከፊቱ ያለው ወረቀት ብቻ ነው። ያን ወረቀት ነገ የምንጽፈው እኛ ነን። ስንመረቅ በየወረዳው፣ በየድርጅቱ፣ በየጤና ጣቢያው ተቀምጠን «የዳሰሳ ጥናት» የምናደርገው እኛው ነን። ዛሬ በሻይ ቤት ተቀምጦ ሊበንን ጠየቅሁ ማለትን የለመደ እጅ፣ ያን ጊዜ በአስፋልት ዳር ያለውን ቀበሌ ብቻ አይቶ «ችግሩ ቀሏል» ብሎ ይፈርማል።

ባለፈው ዓመት በገበያው አጠገብ የጠየቁን ሽማግሌ መልሳቸውን ገና አላገኙም። ፎራ የሄዱትን ልጆቻቸውን ማን ይጠይቅልናል? በዚህ ዓመት ወደ ሊበን የምትወርዱ ጓደኞቻችን ስማቸውን ከዕጣው ታስገቡ ዘንድ አደራ እንላለን። ማስገባት ካልቻላችሁም እንደቀሩ ጻፉላቸው።

አዘጋጁ